መርሴዲስ 300ኢ ዳገት ላይ ትጠፋብኛለች፤ ስትቀዘቅዝ ግን ትነሣለች

ባለ300 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1989 ሥሪት መርሴዲስ ቤንዝ 300ኢ ናት፤ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ አውቶማቲክ ማርሽ፣ አካሏ ደብልዩ 124 የሚባለው ዓይነት። ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች «ሽጣትና ተገላገል» የሚል ምክር እንደማልቀበል አስቀድሜ ልናገር።

ጠዋት ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስወርድ ምንም አትልም። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ በርትቶ፣ መንገዱ ተጨናንቆ፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስመለስ ግን ከጥቁር አንበሳ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ባለው ዳገት ላይ ትጠፋለች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል፤ ሞተሩ አይነሣም። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ቆሜ ስሞክራት ምንም እንዳልነካት ሁሉ በአንድ ዙር ትነሣለች። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጋኛለች። ሐሙስ ዕለት ከኋላዬ የነበረው የሚኒባስ ሹፌር ጡሩምባውን አልለቅ አለ፤ ረዳቱ ግን ወርዶ ጥግ እስክይዝ ገፋልኝ።

እስካሁን ስድስቱንም ካንዴላ፣ የቤንዚን ፊልትሮውን፣ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳንና ውስጡ የሚሽከረከረውን፣ በመጨረሻም ከኋላ ከሥር ያሉትን ሁለቱንም የቤንዚን ፖምፓዎች ቀይሬአለሁ። ወጪው 41,000 ብር ደርሷል። መካኒኬ አሁን ደግሞ «ኮምፒውተሩ ነው» ይለኛል። ኮምፒውተሩን ከመግዛቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

የተክለሃይማኖቱ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ፣ ይህማ ግልጽ ነው። ሲሞቅ መጥፋት፣ ሲቀዘቅዝ መነሣት የክራንክ ሴንሰር፣ የሞተሩን መዞር የሚያነበው ማለቴ ነው፣ ጠባይ ነው። ሶማሌ ተራ ውረድና ከፈረሰ 124 ላይ የወጣ አንድ ፈልግ። ቀይረው፤ ያልቃል።

ኤሌክትሪክ ይሻላል | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:11

በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። እናንተ አሁንም የ1989 ፖምፓ ትቀያይራላችሁ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ፖምፓም ካንዴላም የለም።

ደጃች ውቤ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

እገዳው ለአዲስ ገቢዎቹ ነው እንጂ ለቆሙት አይደለም። እንዲያውም አዲስ ስለማይገባ ነው ያለችንን የምንጠብቀው። ርእሱ ላይ እንቆይ።

ጋሽ ሞተሪኖ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:30

ልጄ ባለ300፣ ገንዘብህን አስቀምጥ። አርባ አንድ ሺህ ብር አውጥተህ እስካሁን አንድም ነገር አልለካህም።

ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፤ ቤንዚን፣ እሳትና የታመቀ አየር። የሲሊንደር እመቃ በሠላሳ ደቂቃ ጠፍቶ በሠላሳ ደቂቃ አይመለስም፤ ስለዚህ እሱን ተወው። የቀሩት ሁለት ናቸው። የትኛው እንደሚቀር ማወቅ የሚቻለው ደግሞ መኪናዋ ጠፍታ ቆማ ሳለ ነው። ጋራዥ በራሷ እየነዳህ ከወሰድካትማ ድናለች ማለት ነው፤ መካኒኩ ጤነኛ መኪና እያየ ምን ይበልህ? የሚያውቀውን ዕቃ ይቀይራል።

እነዚህን መልስልኝ።

ስትጠፋ ሻማ እፍ እንዳልከው በአንድ ጊዜ ነው? ወይስ እያንገራገረች፣ ጉልበት እያጣች?

ጠፍታ ሞተሪኖውን ስታዞር የሞተር ዙር የሚያሳየው ቀስት ከዜሮ ትንሽ ነቅነቅ ይላል ወይስ ተኝቶ ይቀራል?

ጠፍታ ሳለ ሞተሪኖውን ሳትነካ ቁልፉን ብቻ ብትከፍት ከኋላ ለአንድ ሰከንድ ያህል የፖምፓ እዝዝታ ትሰማለህ? ራዲዮኑን ዝጋ፤ መስኮቱን ክፈት።

ክሩስኮቱ ላይ አልፎ አልፎ የሚበራ ቢጫ መብራት አለ?

ለየተክለሃይማኖቱ፣ ክራንክ ሴንሰር ሊሆን ይችላል፤ አልካድኩም። እሱ ከሆነ ግን ሞተሪኖው ሲያዞር ቀስቱ አይነቃነቅም። ሴንሰሩ ጥቅልል ሽቦ ነው፤ ሲሞቅ ውስጡ ይለያይና ምልክቱ ይቋረጣል። ምልክቱ ሲቋረጥ እሳትም የለም፣ የዙር ቀስትም የለም። ለማየት ዓይን እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም።

ባለ300 | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በአንድ ጊዜ አይደለም የምትጠፋው። መጀመሪያ ጉልበት ታጣለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ከዚያ ቀጥ ትላለች። ቀስቱን ልብ ብዬ አላየሁትም፤ የፖምፓውንም ድምፅ እንዲሁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የማየው የኋላ መስታወቱን ነው። ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራት ግን አዎ፣ አንዳንድ ቀን ይበራል፣ አንዳንድ ቀን አይበራም። የፍሬን ጉዳይ ነው ብዬ ነገሬ አላልኩትም።

የካዛንቺስ ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:50

ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ውሃ እንኳ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቤንዚንም እንደዚያው ቶሎ ይተናል። ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ወደ እንፋሎት ተለውጦ መንገድ ይዘጋል። ስትቀዘቅዝ የምትነሣውም ለዚህ ነው። እርጥብ ጨርቅ ፖምፓው ላይ ይደረግ።

ጋሽ ሞተሪኖ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

የካዛንቺስ ልጅ፣ የተናገርከው ሁሉ እውነት ነው፤ መኪናው ግን ሌላ ነው። በፊያት 600 ዘመን ፒያሳ ታክሲ ተራ ላይ ኮፈን ከፍቶ ፖምፓ ላይ እርጥብ ጨርቅ የማይጠመጥም ሹፌር አልነበረም። እኔም ስንቱን ጠምጥሜአለሁ። የእነዚያ ፖምፓ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ የሚግል፣ ግፊቱም ግማሽ ባር የማይደርስ ነበር።

ይህቺ ግን ኬኢ ጄትሮኒክ በሚባለው የቦሽ ቤንዚን መርጫ የምትሠራ ናት። ፖምፓዎቹ ከኋላ ከሥር ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ናቸው፤ ቤንዚኑን ከ5 ባር በላይ ያምቁታል። በዚያ ግፊት ውስጥ ያለ፣ ትርፉም ወደ ታንኩ እየተመለሰ የሚዞር ቤንዚን እየተነዳ አይፈላም። ግፊቱን የሚይዙት ዕቃዎች ካረጁ ሞተሩ ግሎ ከቆመ በኋላ ለመነሣት ያስቸግራል፤ እሱ ሌላ በሽታ ነው። እየሄደች መጥፋቷን አያመጣም።

የልጄ መልስ ወደ ቤንዚን ይወስደኛል። እያንገራገረ የሚጠፋ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ የተጠማ ነው። የኤቢኤሱ መብራት ነገር ግን ሌላ ቦታ ያሳስበኛል፤ የኤሌክትሪኩን ለሚያውቅ እተዋለሁ።

ሽቦና ብርሃን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 8:05

ሴት ስለሆንኩ «ወንድሜ» እያላችሁ እንዳትመልሱልኝ፤ ባለፈው ጊዜ ሳቅ ሆኖ ነበር። ሙያዬ ኤሌክትሪክ ነው፤ 124ም በቤታችን ነበረች።

ጋሼ የጠረጠሩት ትክክል ነው። በ300ኢ ላይ ከባትሪው ጀርባ፣ ጥቁሩ የፕላስቲክ ክዳን ሥር፣ አናቱ ላይ ቀይ የ10 አምፔር ፊውዝ የተሰካበት ትንሽ የብረት ሣጥን አለ። ከከፍተኛ ቮልቴጅ የሚከላከለው ሪሌ (ኃይል የሚያገናኝና የሚቆርጥ ማብሪያ) ነው። ዲናሞው ወይም ባትሪው ድንገት ቢያብድና ቮልቴጁ ቢዘል ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተር እንዳይቃጠል ይከላከላል። የኤቢኤሱ ኮምፒውተርም ኃይል የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ስለዚህ ይህ ሪሌ ሲያነክስ የኤቢኤስ መብራት ይበራል፤ ሚኒሞውም (ቤንዚን ሳትረግጥ ያለው የሞተር ዙር) ከፍ ዝቅ ይላል። የፍሬን መብራት መስሎ የሚታየው የሞተር ወሬ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

መጀመሪያ ፊውዙን ንቀለው። ደህና ቢመስልም ቀይረው፤ እግሮቹ ይዝጋሉ። ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም።

መካኒክህ «ኮምፒውተሩ ነው» ያለውንም ለጊዜው እርሳው። የኮምፒውተሩን መብል የሚያቀርበው ሳይፈተሽ ኮምፒውተሩ አይከሰስም።

ባለ300 | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1:30

እህቴ፣ ፊውዙ አልተቃጠለም ነበር፤ እግሩ ግን አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። አዲስ ሰካሁ፤ መቀመጫውንም አጸዳሁ። የኤቢኤሱ መብራት ጠፋ፤ ሚኒሞውም እንደ ድሮው ረጋ ብሎ ቆመ። ደስ ብሎኝ «ተፈታ» ብዬ ልጽፍላችሁ ነበር።

ዛሬ ከብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ጠፋች። ደግነቱ ሜዳው ላይ ነው፤ ዳገቱ ገና ነበር።

ጋሼ ያሉኝን ግን አደረግሁ። ሞተሪኖው ሲያዞር ቀስቱ ነቀነቀ፤ ሁለት ጊዜ አረጋገጥሁ። ቁልፉን ከፍቼ የፖምፓውን ድምፅ ባዳምጥ የሰማሁት የመንገዱን ጫጫታ ብቻ ነው። አለ ወይም የለም ብዬ መማል አልችልም።

ጋሽ ሞተሪኖ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:10

ቀስቱ ከነቀነቀ ክራንክ ሴንሰሩ ነፃ ነው። የተክለሃይማኖቱ ይቅር ይበለኝ፤ አንድ ሽያጭ አስቀረሁበት።

የተክለሃይማኖቱ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2:25

ይቅር ብያለሁ ጋሼ። ግን እሳት የሚያዘጋጀው ሣጥንስ? በግራ በኩል ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ ላይ የተጣበቀው። ከሥሩ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ሲደርቅ እየጋለ ያቋርጣል። እኔ ራሴ ሁለት አይቻለሁ።

ሽቦና ብርሃን | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:00

ሊሆን ይችላል፤ ግን እሱም እንደ ሻማ እፍ ነው የሚያደርጋት እንጂ እያንገራገረ አያጠፋም። መከራከሩን ትተን እንለካ።

እንዲህ አድርግ። ረጅም ቀጭን ሽቦ ግዛ። አንዱን ጫፍ ወደ ፖምፓው ከሚሄደው የኃይል መስመር ጋር አያይዘው፤ መጋጠሚያው አጠገብ አንድ አምፔር የሆነች ትንሽ ፊውዝ ጨምርበት፤ ያለ እሷ እንዳታደርገው፤ ሽቦው አንድ ቦታ ተላጦ አካሉን ቢነካ እሳት ነው። ሌላውን ጫፍ በመስኮት አስገብተህ ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል አስርበት፤ የአምፖሉን ሌላ እግር ከመኪናው አካል ጋር አገናኘው። አምፖሉን ክሩስኮቱ ላይ በፕላስተር ለጥፈው።

አሁን ፖምፓው ኃይል ባገኘ ጊዜ ሁሉ አምፖሉ ይበራል። ጫጫታ ውስጥ ጆሮ መጣል ቀረልህ። ስትጠፋ የምታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምፖሉ ከሞተሩ ቀድሞ ጠፋ ወይስ ሞተሩ ከአምፖሉ ቀድሞ?

አምፖሉ እየበራ ሞተሩ ከጠፋ ችግሩ የፖምፓው ኃይል አይደለም፤ ታንኩ ውስጥ ያለውን ወንፊት ጨምሮ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። አምፖሉ ቀድሞ ከጠፋና ቀስቱ ከሠራ ደግሞ የፖምፓው ሪሌ ወይም ሪሌውን የሚመግበው መስመር ነው።

ደጃች ውቤ ሰፈር | ዓርብ፣ ከምሽቱ 3:18

ስለ ወንፊቱ ካነሣችሁ፣ በ2001 ዓ.ም. በከተማችን ቤንዚን ላይ 5 በመቶ ኤታኖል መቀላቀል ሲጀመር ስንት አሮጌ ታንክ እንደታጠበ አስታውሳለሁ። ለዓመታት የተጣበቀውን ዝቃጭ ኤታኖሉ ያላቅቀውና ፊልትሮ ላይ ያከማቸዋል። የእኔዋ ፔጆ በወር ሁለት ፊልትሮ በልታለች። ግን የተደፈነ ወንፊት የዳገትና የፍጥነት ጠላት ነው፤ ሜዳ ላይ በሚኒሞ የቆመችን አያጠፋም። ስለዚህ የእህታችንን አምፖል እጠብቃለሁ።

ባለ300 | እሑድ፣ ከቀኑ 10:00

ተገኘ። በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ትዕግሥት ይኑራችሁ።

ትናንት አምፖሏን አስሬ ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ ቤት ሦስት ጊዜ ወጣሁ ወረድሁ። አልጠፋችም። እሑድ መንገዱ ባዶ ስለሆነ ዛሬ ደግሞ ሆን ብዬ አየር ማቀዝቀዣውን ከፍቼ ዋና ፖስታ ቤት አጠገብ ጥግ ይዤ ሞተሯ እየሠራ አርባ ደቂቃ ያህል አቆምኋት። የሙቀት መለኪያው መካከል ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሄደው የሚመለሱ እናቶች ክሩስኮት ላይ የተለጠፈውን አምፖል እያዩ ያልፋሉ። አንዷ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። «አምፖል እየጠበቅሁ ነው» አልኳቸው። አማተቡ።

ከዚያ ጠፋች። አምፖሏ ማለቴ ነው። ሞተሩ አሁንም ይሠራል፤ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው፤ ተንቀጠቀጠ፤ ቆመ። ሞተሪኖውን አዞርኩ፤ ቀስቱ ነቀነቀ፤ አምፖሏ አልበራችም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ፤ የፕላስቲክ ክዳኑን አነሣሁ፤ የፖምፓውን ሪሌ በካቻቪቴ እጀታ ቀስ ብዬ ሁለቴ መታሁት። ተመልሼ ቁልፉን ስከፍት አምፖሏ ብልጭ አለች፤ ሞተሩም ተነሣ።

ሪሌውን ነቅዬ ቤት ወስጄ ሽፋኑን ከፈትሁ። በአጉሊ መነጽር ሳየው ከትልልቆቹ እግሮች በአንዱ ዙሪያ፣ ብየዳው ላይ፣ ፀጉር የምታህል ክብ ስንጥቅ አለች። ለዚህች ስንጥቅ ነው ሁለት ፖምፓ የገዛሁት።

ሽቦና ብርሃን | እሑድ፣ ከቀኑ 10:25

እልልታ ይገባል። የፖምፓዎቹ ኃይል ሁሉ የሚያልፈው በዚያች እግር ነው። የብየዳው ቆርቆሮና የእግሩ መዳብ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ በየቀኑ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲያልፈው ብየዳው ይደክምና ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛ ሳለ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ሲሞቅ ይከፈታል። ኮፈን ሥር ሙቀት የሚከማቸው ደግሞ መንገድ ተዘጋግቶ ነፋስ ሲያጣ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ቁልቁል ስትወርድ ምንም የማትልህ።

አሮጌውን ብየዳ ሙሉ በሙሉ አንሥተህ አዲስ በይድበት። ላዩ ላይ ብትደርብበት ከወር በኋላ እዚሁ ትመለሳለህ። አንዱ ከተሰነጠቀ ጎረቤቶቹም ስለማይቀሩ ሁሉንም እግሮች ደግማቸው።

የካዛንቺስ ልጅ | እሑድ፣ ከቀኑ 11:02

ብየዳ ምን ያደርጋል? ሪሌው ሲነቀል መቀመጫው ላይ ከባትሪ የሚመጣውንና ወደ ፖምፓ የሚሄደውን በአንድ ሽቦ አገናኛቸው፤ ለዘላለም ትነዳለህ። አጎቴ እንደዚያ ነው የሚነዳው።

ሽቦና ብርሃን | እሑድ፣ ከቀኑ 11:10

ለአምስት ደቂቃ ሙከራ ይሁን። ለመንዳት ግን በፍጹም። ሪሌው እዚያ የተቀመጠው ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውን እንዲያቆም ነው። መኪናዋ ተጋጭታ ቱቦ ቢበጠስ ያንተ ሽቦ ከ5 ባር በላይ በሆነ ግፊት ቤንዚን በጋለ ማርሚታ ላይ መርጨቱን ይቀጥላል። ለአጎትህ ዛሬውኑ ደውልላቸው።

የካዛንቺስ ልጅ | እሑድ፣ ከምሽቱ 12:45

ደወልኩ። «ሽቦዋ ስንት ዓመት አገልግላኛለች» አሉ። ነገ ጠዋት እኔው ሄጄ አነሣታለሁ።

ጋሽ ሞተሪኖ | እሑድ፣ ከምሽቱ 2:00

ጎበዝ ልጄ። አርባ ደቂቃ አምፖል መጠበቅ ብዙ መካኒክ የማይችለው ሥራ ነው። አሁን አንድ ነገር ስማኝ፤ እስክታምናት ድረስ ዳገት ላይ ከፊትህ ካለው መኪና ሰፋ ያለ ርቀት ያዝ። ሞተሩ ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ ፍሬኑም ሁለት ሦስቴ ከረገጥከው በኋላ ድንጋይ ይሆናል፤ አትደጋግመው፤ አንዴ ረግጠህ ያዝ። የእጅ ፍሬን የምትለው በዚህች መኪና በእግር የሚረገጥ እንደሆነ አትርሳ፤ በግራ እግርህ ነው። ደንግጦ በእጁ ሲፈልግ ወደኋላ የተንሸራተተ ሰው አውቃለሁ።

የመካኒክህንም ነገር ክፉ አትናገርበት። መኪናዋን ታማ አላያትም።

ባለ300 | ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:30

ቃል በገባሁት መሠረት ተመልሻለሁ። የሪሌውን እግሮች ሁሉ አንድ የራዲዮ ጠጋኝ በይዶልኛል፤ ያስከፈለኝ 200 ብር ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቸርችልን ሽቅብ እወጣለሁ፤ አንድም ቀን አልጠፋችም። የኤቢኤሱ መብራት ግን ትናንት ለጥቂት ጊዜ በርቶ ጠፋ።

ሽቦና ብርሃን | ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4:52

ባለ ፊውዙም ሪሌ ያው እኩያዋ ነው። ራዲዮ ጠጋኙ ጋ እሱንም ይዘህ ሂድ።

የተክለሃይማኖቱ | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5:15

ባለ300፣ ያወጣሃቸው አሮጌዎቹ ፖምፓዎች አሉ? ደህና ከነበሩ ደንበኛ አለኝ።

ባለ300 | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 5:40

አሉ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። በባትሪ ሞክሬአቸዋለሁ። ዋጋውን ተገናኝተን እንነጋገር፤ ለገሃር ድረስ አመጣልሃለሁ። ስመለስ ዳገቱን በቀትር እሞክራታለሁ። አምፖሏን ገና አላነሣኋትም።